ሃኬት ካልወጣበት ጉድጓድ አፍ ላይ

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ለሰው የውሃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው ያሳደጉን። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ታች ሆኖ በአጭር ዶማ ይቆፍራል፤ ሌላው ላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ እየጎተተ ያወጣል። ልጅ ሳለሁ ምሳቸውን ይዤ ስሄድ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። «ላይ ያለው ሰው ከጉድጓዱ አፍ አይርቅም። ዝናብ ቢመጣ፣ ቢርበው፣ ሰው ቢጠራው፣ አይርቅም።»

አሁን የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ከምንንከባከባቸው አንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ስለ ዊልያም ሃኬት አጫወቱኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከመሬት በታች ዋሻ ሲቆፍር የሞተ የዚሁ አካባቢ ሰው ነው። «ቀዳዳው ተከፍቶለት ነበር። መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም» አሉኝ። የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ።

ዘንድሮ የዓመት ዕረፍቴን ለዚህ ሰው ሰጠሁት። አምስት ቀን ነው። ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የምሄድበት መታሰቢያ ሁሉ በዚያው ስለተጻፈ።

አንደኛ ቀን፣ ጁን 20። ሜክስበራ

ከሼፊልድ ሜክስበራ በባቡር ሩቅ አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ትንሽ ከተማ ናት። ቀይ ጡብ ቤቶች፣ ቁልቁል የሚወርዱ መንገዶች፣ ከታች ወንዝ።

ሃኬት እዚህ አልተወለደም። የተወለደው ኖቲንግሃም ነው፣ ጁን 11 ቀን 1873። ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጥቶ ከሰል ቆፋሪ ሆነ። ሚስቱን አሊስን በ1900 አገባ። ወታደር ከመሆኑ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ከመሬት በታች ሠርቷል።

ይሠራበት ከነበሩት ማዕድኖች አንዱ ማንቨርስ ሜይን ይባላል። በ1988 ተዘጋ። ቦታውን ላይ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ሐይቅ፣ መጋዘኖችና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አገኘሁ። ሰዎች ውሻቸውን እያንሸራሸሩ ነበር። የጉድጓዱን አፍ ፈልጌ የት እንደነበር እንኳ መለየት አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ ይወርድበት የነበረ ቀዳዳ ተደፍኖ፣ ከላዩ ሣር በቅሎበታል።

ከሜክስበራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ካድቢ የሚባል ሌላ ማዕድን ነበር። ጁላይ 9 ቀን 1912 ጠዋት እዚያ ፍንዳታ ደረሰ። 35 ሰዎች ሞቱ። የነፍስ አድን ሰዎች ተሯርጠው ወረዱ። እነሱ ታች እያሉ ሁለተኛ ፍንዳታ ደረሰ። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 91 ሆነ፤ አብዛኞቹ ሌላውን ሊያወጡ የወረዱ ናቸው። በዚህ አካባቢ ይህን ያልሰማ ማዕድን ቆፋሪ አልነበረም። ሃኬት የኖረው እንዲህ ባለ አገር ነው። ታች ሰው ካለ ይወረዳል። ወታደር ቤት ገብቶ የተማረው ነገር አይደለም። ይህን እዚህ ስለተረዳሁ ጉዞዬን ከፈረንሳይ ሳይሆን ከሜክስበራ በመጀመሬ ደስ አለኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ለመዝመት ጠየቀ። ሦስት ጊዜ «አርጅተሃል» ብለው መለሱት። አርባ አልፎታል። የልብ ሕመምም ነበረበት። በ1915 መጨረሻ ግን ጦሩ ማዕድን ቆፋሪ ይፈልግ ነበርና ዕድሜውን ሳያዩ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ፣ ጃንዋሪ 1916 ላይ፣ ልጁ አርተር ማዕድን ውስጥ አደጋ ደርሶበት እግሩን አጣ። አባት ፈረንሳይ ከመሬት በታች፣ ልጅ እንግሊዝ ከመሬት በታች። አሊስን አሰብኳት። የቱን ታስብ? የቱን ትተው?

ካስል ሂልስ የሚባለው ኮረብታ ላይ የከተማው የጦርነት መታሰቢያ አለ። የሃኬትም መታሰቢያ እዚያው ነው። አበባ ይዤ ነበር፤ አስቀመጥኩ። አንዲት እናት ጋሪ እየገፋች መጥታ «ዘመድሽ ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። ለምን እንደመጣሁ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ አባቴ ጉድጓድ ስነግራት ቆማ አዳመጠችኝ። የእሷም አያት ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ።

ሁለተኛ ቀን፣ ጁን 21። ወደ ሊል

መንገድ ብቻ ነው። ከሼፊልድ ለንደን፣ ከለንደን ደግሞ በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር ሊል። ዋሻው ውስጥ ስንገባ መስኮቱ ጠቆረ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ። አብዛኛው ሰው ስልኩን እያየ ነበር። እኔ የማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ስለ ዋሻ ቆፋሪዎቹ ሰብስቤ የጻፍኩትን አነበብኩ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1914 መጨረሻ ሁለቱም ወገን ምሽጉን ቆፍሮ ተፋጠጠ። በላይ መሄድ ሞት ነው። ስለዚህ ከሥር መሄድ ተጀመረ። ከራስህ ምሽግ ወደ ጠላት ምሽግ ዋሻ ትቆፍራለህ፤ ጫፉ ላይ ፈንጂ ታከማቻለህ፤ ታፈነዳለህ። ጀርመኖች ዲሴምበር 20 ቀን 1914 ይህን አደረጉ። ዢቫንሺ በምትባል የፈረንሳይ መንደር አጠገብ ከሕንዳውያን ወታደሮች ሥር አሥር ፈንጂ አፈነዱ። እንግሊዞች የነቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጆን ኖርተን ግሪፍስ የሚባል የግንባታ ተቋራጭ መላ አመጣ። ማንቸስተር ከተማ የፍሳሽ ቱቦ የሚቆፍሩለት ሠራተኞች ነበሩት። በ1915 መጀመሪያ እነሱን በቀጥታ ከሥራ ቦታቸው ወደ ግንባር ወሰዳቸው። ፊት ሆኖ ለሚቆፍር ባለሙያ በቀን 6 ሺሊንግ ይከፈል ነበር፤ ተራው እግረኛ አንድ ሺሊንግ ገደማ ነበር የሚያገኘው። የደመወዙ ልዩነት ሥራው ምን ያህል እንደሚፈራ ይናገራል።

አቆፋፈራቸው ለእኔ አዲስ ነበር። ቆፋሪው በመስቀል ቅርጽ በተሠራ ጣውላ ላይ ጋደም ይላል። እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ጠባቧን አካፋ በሁለት እግሩ እየገፋ ሸክላውን ይፈለቅቃል። ሁለተኛው አፈሩን ጆንያ ውስጥ ይከታል፤ ሦስተኛው በትንሽ ጋሪ ይጎትታል። ዶማ ስለማይመታ ድምፅ የለውም። ጠላትም ከሥር እየቆፈረ ያዳምጣልና ድምፅ ማለት ሞት ነው። ይህን አሠራር ቆፋሪዎቹ «መስቀል ላይ መሥራት» ይሉት ነበር።

ሊል ጣቢያ አብሮ አደጌ ጠበቀችኝ። ብራስልስ ነው የምትኖረው። መኪና ይዛ መጣች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን፤ ስድስት ዓመት አልተያየንም። ያን ምሽት ስለ ሃኬት አላወራንም።

ሦስተኛ ቀን፣ ጁን 22። ዢቫንሺ

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ጁን 22፣ በእኛ ሰኔ 15።

ጠዋት ተሳሳትን። ስልኩ ላይ ዢቫንሺ ብለን ጻፍን፤ ወሰደን። ደርሰን ስናይ ሌላ ዢቫንሺ ነው። ለካ ሁለት አሉ። የእኛው ዢቫንሺ ሌ ላ ባሴ ይባላል፤ የደረስንበት ዢቫንሺ አን ጎኤል፣ ከቪሚ ኮረብታ ሥር። የሚሄድ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ሙሉ ስሙን ይጻፍ።

ከተሳሳትን አይቀር ቪሚን አየን። የካናዳ ትልቁ መታሰቢያ እዚያ ነው። ከኮረብታው ሥር ደግሞ ግሬንጅ የሚባለው የጦርነቱ ዘመን ዋሻ አለ፤ በአስጎብኚ ይገባል። ኖራ ድንጋይ ነው፤ ነጭ። ብርድ አለው። ጓደኛዬ መግቢያው ላይ እጄን ያዘች፤ እስክንወጣ አልለቀቀችኝም። አስጎብኚው ለአፍታ ዝም እንድንል ጠየቀን። ዝም ስንል ውሃ የሆነ ቦታ ጠብ፣ ጠብ ሲል ተሰማ። ሌላ ምንም የለም። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች በዚህ ዓይነት ጸጥታ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው የጠላትን ዶማ ያዳምጡ ነበር።

ከዚያ ወደ ሰሜን ተመለስን። ላንስን አልፈን፣ ላ ባሴን አልፈን፣ ከሰዓት በኋላ ትክክለኛው ዢቫንሺ ገባን።

መንደር ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት ቤት፣ ዙሪያውን እርሻ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዢቫንሺ ግን ትንሽ ከፍ ትላለች። በዚህች ትንሽ ከፍታ ምክንያት አራት ዓመት ተዋጉባት። የ55ኛው ዲቪዥን ሐውልት እዚያው መንደር ውስጥ ይታያል። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የዋሻ ቆፋሪዎቹ መታሰቢያ አለ። ጁን 19 ቀን 2010 ነው የተመረቀው። ቀኑን ቆጠርኩት፤ የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው።

ትልቅ ሐውልት አይደለም። ዝቅ ያለ ነው፤ በዙሪያው ሣር። ፊት ለፊቱ እርሻ። ከዚያ እርሻ ሥር፣ ወደ 12 ሜትር ገደማ ታች፣ ሁለት ሰዎች አሉ።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጁን 22 ቀን 1916፣ ከሌሊቱ 2፡50 በፈረንጆቹ ሰዓት፤ በእኛ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። ሃኬት 43 ዓመት ከሞላው ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከ254ኛው የዋሻ ቆፋሪዎች ሻምበል ጋር ነበር። ከአራት ሰዎች ጋር ሻፍትስበሪ አቬኑ ከሚባለው ጉድጓድ ወርደው ወደ ጀርመኖች የሚሄድ ዋሻ ይቆፍራሉ። ስሙ የለንደን ትልቅ ጎዳና ስም ነው። ወታደሮቹ የጭቃ ጉድጓዳቸውን ሁሉ በአገራቸው መንገድ ይሰይሙ ነበር። አንጀቴን በላኝ።

በዚያች ደቂቃ ጀርመኖች የራሳቸውን ፈንጂ አፈነዱ። እጅግ ትልቅ ነበር። ላይ ምሽግ ውስጥ የነበሩት የዌልስ ወታደሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ እዚያው ተቀበሩ። የእነሱ ጦር ምልክት ቀይ ዘንዶ ስለሆነ የፈንጂው ጉድጓድ ቀይ ዘንዶ ተባለ። ታች ደግሞ የሃኬት ዋሻ ተደረመሰ። አምስቱም ከመውጫው ተቆረጡ።

ላይ ያሉት መቆፈር ጀመሩ። ሃያ ሰዓት ቆፈሩ። ሃያ ሰዓት ማለት ከዚያ ሌሊት እስከሚቀጥለው ምሽት ማለት ነው። በመጨረሻ በአፈሩና በተሰባበረው ጣውላ መሃል ጠባብ ቀዳዳ ተከፈተ። ውጭ ካሉት ጋር ተገናኙ።

ሃኬት ሦስቱን ሰዎች እየደገፈ በቀዳዳው አሳለፋቸው። የእሱ ተራ ደረሰ። ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው። በጣም ተጎድቷል፤ በቀዳዳው ማለፍ አይችልም። ቶማስ ኮሊንስ ይባላል። ዋሻ ቆፋሪ አይደለም። ከስዋንዚ የመጣ፣ የ14ኛው የዌልስ ሻለቃ እግረኛ፣ ቆፋሪዎቹን እንዲያግዝ የተመደበ የ22 ዓመት ልጅ ነው።

ከውጭ «ውጣ!» አሉት ሃኬትን።

የመለሰው ለሽልማቱ በወጣው የመንግሥት ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። «እኔ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ። መጀመሪያ ሌሎቹን መንከባከብ አለብኝ።»

ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ። ደጋግመው ጠሩት። ኮሊንስን ጥሎ አልወጣም። ከዚያ ዋሻው ጨርሶ ተደረመሰ። አራት ቀን ሙሉ ቆፈሩ፤ ሊደርሱባቸው አልቻሉም። ሃኬት የሞተበት ቀን ጁን 27 ተብሎ ነው የተመዘገበው።

በዚያው ጽሑፍ ላይ ሌላም ቃል አለ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ሃኬት የሚንሸራተት አፈርን ጠባይ አሳምሮ ያውቅ ነበር ይላል። እያወቀ ነው የቀረው ይላል። ጀግንነትን ብዙ ጊዜ ሰው ሳያስብ፣ በስሜት ዘሎ የሚገባበት ነገር አድርገን እናወራዋለን። ይህ ሰው ግን የሃያ ሦስት ዓመት ቆፋሪ ነው። አፈሩ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ድምፁን ሰምቶ ያውቃል። ጣውላው ሲጮህ ያውቃል። አባቴም እንዲሁ ናቸው፤ የጉድጓድ ግድግዳ በመዳፋቸው ነካ አድርገው «ይህ ነገ አይደርስም» ይሉ ነበር። ሃኬት እውቀቱ ሁሉ «ውጣ» እያለው ነው የተቀመጠው።

ደግሞስ ከማን ጋር? ወንድሙ አይደለም። የሙያ ባልደረባው እንኳ አይደለም። ለጭነት የተመደበ ልጅ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል «እኔ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ» ያለው። ልጁ የሱን ያህል ታችን አያውቅም። የታች ባለቤት እሱ ነው። እንግዳን ቤትህ ውስጥ ጥለህ እንዴት ትወጣለህ?

ጓደኛዬ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔ ስልኬን አውጥቼ ደብረ ብርሃን ደወልኩ።

«አባባ፣ ደረስኩ» አልኳቸው።

«ደረስሽ? ስንት ክንድ ነው?» አሉ። ከሁሉ በፊት የጠየቁት ይህን ነው።

«ሃያ አራት ክንድ ይሆናል።»

«አፈሩስ? ዋልካ ነው?»

«ሸክላ ነው ይላሉ አባባ። እርጥብ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እሱ አፈር አይታመንም» አሉ። «ሃያ ሰዓት ይዞላቸው ከሆነ እግዜር ነው የያዘላቸው።»

ሦስቱ እንደወጡ ነገርኳቸው። ሃኬት ያለውን ቃል በአማርኛ ነገርኳቸው። ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ያኛውስ ልጅ?» አሉ።

«የቱ?»

«የተጎዳው። የሱስ እናት አበባ የሚያስቀምጥላት አገኘች?»

አፈርኩ። ከዚያ በፊት ስለ ኮሊንስ ይህን ያህል አላሰብኩም ነበር። ለሃኬት ብዬ ነው ቦርሳዬን የሸከፍኩት። ይህ መታሰቢያ የሁለቱም ነው፤ የኮሊንስ ስም ግን ሌላ ቦታ፣ ቲየፕቫል ላይ እንደተጻፈ ደብተሬ ላይ በአንድ መስመር አስፍሬ አልፌዋለሁ። ለጓደኛዬ ነገርኳት። «ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ እንሄዳለን» አለችኝ። በዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም፤ የመጨረሻውን ቀን ብራስልስ እሷ ቤት ልናሳልፍ ነበር።

ጀንበሯ እስክትጠልቅ ቆየን። ሰኔ ላይ እዚህ አገር ቶሎ አይመሽም። ቀይ ዘንዶ የተባለው ጉድጓድ ዛሬ ተደፍኗል። ስንዴው በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል።

አራተኛ ቀን፣ ጁን 23። ኔቭ ሻፔል፣ ፕሉግስቴርት፣ ሜሲን

ወደ ሰሜን ስንሄድ መጀመሪያ ኔቭ ሻፔል ቆምን። የሕንዳውያን ወታደሮች መታሰቢያ እዚያ ነው። ክብ አጥር፣ መሃሉ ላይ ረጅም ዓምድ፣ ጫፉ ላይ አክሊል፣ ግራና ቀኙ የተቀረጹ ነብሮች። መቃብር የሌላቸው ከ4,700 በላይ ስሞች ተጽፈዋል። ከነሱ መሃል በዚያ በዲሴምበር 1914 ቀን ከሥራቸው የፈነዳባቸው አሉ። ከሞቃት አገር መጥተው፣ በክረምት፣ በሰው ጦርነት። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። አንድ ሰዓት ያህል ስም እያነበብን ዞርን።

ድንበሩን ተሻግረን ቤልጅግ ገባን። ፕሉግስቴርት መታሰቢያ ላይ ከ11,000 በላይ ስም አለ፤ መቃብራቸው ያልታወቀ። ክብ ሕንጻ ነው፣ ዓምዶች የተሸከሙት፣ መግቢያው ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች። የሃኬት ስም አንደኛው ሰሌዳ ላይ ነው። ዋሻ ቆፋሪዎቹ የመሐንዲሶች ጦር አባላት ነበሩ፤ መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ስለሚመጡ ቶሎ ይገኛል። ከስሙ አጠገብ ሁለት ፊደል አለ፤ ቪ እና ሲ። ቪክቶሪያ ክሮስ ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ትልቁ የጀግና ሜዳይ። በዋሻ ቁፋሮ ሥራ ላይ ሳለ ይህን የተሸለመ ሌላ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ ነው። ሽልማቱ የታወጀው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1916 አሊስ ለንደን ቤተ መንግሥት ሄዳ ከንጉሡ እጅ ተቀበለች። ሜዳዩ ዛሬ ኬንት ውስጥ በሚገኘው የመሐንዲሶቹ ሙዚየም አለ።

ሃኬት ፊደል የቆጠረ ሰው አልነበረም። ደብዳቤ ወደ ቤቱ ሲልክ ጓደኞቹ ናቸው የሚጽፉለት። ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስሙን በጣቴ እየነካሁ ይህን አሰብኩ።

ከሰዓት ሜሲን ሸንተረር ላይ ነበርን። ሃኬት ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጁን 7 ቀን 1917፣ ገና ሳይነጋ በፈረንጆቹ ሰዓት 3፡10 ላይ፣ ዋሻ ቆፋሪዎቹ እዚህ 19 ትልልቅ ፈንጂዎችን አፈነዱ። በጠቅላላው 450 ቶን ገደማ። ከመካከላቸው አንዱ ያፈነዳው ጉድጓድ ዛሬ ኩሬ ሆኗል፤ የሰላም ኩሬ ይሉታል። 41 ቶን ፈንጂ ነበረው። የውሃ አበባ ተንሳፍፎበታል፤ እንቁራሪት ይጮኻል። በጣም ያምራል። ማማሩ ግን አላስደሰተኝም፤ ከሥሩ ያሉትን ጀርመኖች ማን ቆጠራቸው እያልኩ ነበር። ሃኬትን እወደዋለሁ። ይቆፍር የነበረው ግን ለዚህ ዓይነት ነገር ነው። ይህንንም መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

ሳይፈነዱ የቀሩም ነበሩ። አንዱ ጁን 1955 ላይ መብረቅ ወድቆበት ፈነዳ። ሰው አልሞተም፤ የሞተችው ላም ናት ይባላል።

ኮረብታ 60 ላይ የአውስትራሊያ ዋሻ ቆፋሪዎች ሐውልት አለ። የነሐስ ሰሌዳው በጥይት ተበሳስቷል። የበሱት የሁለተኛው ጦርነት ጥይቶች ናቸው። አንዱን ጦርነት ለማስታወስ የቆመውን ሌላው ጦርነት አቆሰለው። ጓደኛዬ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጣቷን ከታ አየችና ቶሎ አወጣችው።

አምስተኛ ቀን፣ ጁን 24። ቲየፕቫል

በጠዋት ተነሣን። ወደ ደቡብ ረጅም ነው፤ አራስን አልፎ ወደ ሶም። ወደ መኪናው ስንገባ ዝናብ ጀመረ፤ አራስ ስንደርስ አቆመ።

መንገድ ላይ ላ ቧሴል ቆም አልን። ሎክናጋር የሚባለው ጉድጓድ እዚያ ነው። ጁላይ 1 ቀን 1916 ጠዋት በፈረንጆቹ ሰዓት 7፡28 ላይ ነው የፈነዳው። የሶም ውጊያ የተጀመረበት ቀን ነው፤ ሃኬት ከሞተ አራት ቀኑ። ስፋቱ መቶ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከሃያ ሜትር በላይ። ቦታውን አንድ እንግሊዛዊ በ1978 ገዝቶ ከመደፈን አዳነው። ከንፈሩ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ብዙ አልቆየንም፤ ኮሊንስ ይጠብቀናል።

ቲየፕቫል ከሩቅ ይታያል። ቁመቱ 45 ሜትር፣ በቅስት ላይ ቅስት የተደረበበት የጡብና የነጭ ድንጋይ ሕንጻ። ከ72,000 በላይ ስም። ዓምዶቹ እግር ሥር ስትቆሚ ስሙ እስከ አንገትሽ፣ ከራስሽ በላይ፣ ማየት እስከምትችይው ይወጣል። ስሞቹ በየጦር ክፍሉ፣ ከዚያ በማዕረግ፣ ከዚያ በፊደል ተራ ናቸው። የዌልሱን ጦር ፈለግን። በአንዱ ዓምድ ዞርን፤ አይደለም። በሌላው ዞርን። አንድ የመታሰቢያው ሠራተኛ መዝገብ ከፍቶ ቁጥሩን ነገረን።

ኮሊንስ የሚባሉ ብዙ ናቸው። የእኛው ከነሱ መሃል ነው። ከአጠገቡ ፊደል የለም፤ ሜዳይ የለውም። ሃኬት ቤልጅግ ነው የተጻፈው፤ እሱ እዚህ፤ በመሃላቸው ከአንድ ሰዓት በላይ የመኪና መንገድ አለ። አካላቸው ግን ክንድ ያህል እንኳ ሳይራራቅ አንድ ቦታ ነው። ጓደኛዬ ከመንገድ የገዛናቸውን አበቦች ሰጠችኝ። ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኩ። ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። በአጠገባችን የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወደ ሣሩ ወጥተን ደወልኩ።

«አባባ፣ ልጁን አገኘሁት።»

«አገኘሽው? ተመስገን። አበባውስ?»

«አስቀመጥኩ።»

«ማን ነበር ስሙ?»

«ቶማስ።»

«ቶማስ!» አሉ። «የእኛ ስም ነው እኮ። ያኛውስ፣ ትልቁ?»

«ዊልያም።»

«ዊል... ማን?»

«ዊልያም፣ አባባ።»

«እሱ ምላሴን አስቸገረኝ። የፊታችን ሰኔ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። በጸሎቴ ላነሣቸው ነው፤ ስሙን ካልያዝኩት እንዴት ይሆናል? ጻፊና ላኪልኝ። በትልቁ ጻፊው፤ ዓይኔን ታውቂዋለሽ።»

ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም በአማርኛ ጽፌ ላክሁላቸው።